ቢጫው ልጅ ሰማያዊ መብራት ሥር ለምን ይተኛል?

አንዲት እናት እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «የመጀመሪያ ልጄ ነው። ዛሬ አራት ቀኑ ነው። በሦስተኛው ቀን ዓይኑም ፊቱም ቢጫ ሆነ። ደሙ ሲመረመር ቢሊሩቢን ከፍ ብሏል ተባለና ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት። እናቴ ግን ‹እናንተም የጠዋት ፀሐይ እየሞቃችሁ ነው ያደጋችሁት፣ ይብቃውና ወደ ቤት እንውሰደው› ትላለች። እኔም ፈርቻለሁ። መብራቱ ዓይኑን አይጎዳውም? ጨረሩ ሌላ በሽታ አያመጣበትም? ሰማያዊ አምፖል ገዝተን ቤት ብናበራለትስ?»

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። መልሴ ረዘም ስለሚል ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሐኪሞቹ ይበቃዋል እስኪሉ ድረስ ልጁን ከሆስፒታሉ አታስወጪው። ዓይኑ በደንብ ከተሸፈነ መብራቱ አይጎዳውም። የጠዋት ፀሐይም ሆነ ከሱቅ የተገዛ ሰማያዊ አምፖል ይህን ሕክምና አይተካም። ምክንያቱን ካወቅሽው ለእናትሽም ማስረዳት ይቀልሻል። እኔ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ይህን ጥያቄ ከእናቶችም ከአያቶችም በየጊዜው እሰማዋለሁ፤ ሁሌም ቁጭ ብዬ ብመልሰው ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ፣ እናትሽ ስለ ፀሐይ ያሉት ከባዶ የመጣ አይደለም። እንዲያውም ይህ ሕክምና የተገኘው በፀሐይ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 እንግሊዝ ሀገር፣ ኤሴክስ ውስጥ በሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ጄን ዋርድ የሚባሉ ነርስ ነበሩ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አየሩ ሞቅ ሲል ሕፃናቱን ወደ ግቢው እያወጡ ፀሐይ ያሞቋቸው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሞቹ ክፍሉን እየዞሩ ሲያዩ፣ ሲስተር ዋርድ አንዱን ሕፃን ገልጠው አሳዩዋቸው። ሰውነቱ ነጣ ብሏል። አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ብቻ ደማቅ ቢጫ ነው። ሐኪሙ ቆዳው ላይ የሆነ ቀለም የተቀባ መሰላቸው። ለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕፃኑ መላ አካሉ ቢጫ ነበር። ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ቢጫነቱን ሲለቅ፣ የአንሶላው ጫፍ የሸፈነው ቦታ እንዳለ ቀርቷል።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተረስቶ የቆየ የደም ናሙና ሲመረመር፣ ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ከተጠበቀው በታች ወርዶ ተገኘ። ዶክተር ሪቻርድ ክሬመርና ሁለት ባልደረቦቻቸው ይህን ይዘው ሰማያዊ ፍሎረሰንት መብራት ከሕፃን አልጋ በላይ ገጥመው ሞከሩ። ውጤቱን በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። አሜሪካ ውስጥ ሕክምናው ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው፤ የቬርሞንቱ ዶክተር ጄሮልድ ሉሲ በ1968 የሙከራቸውን ውጤት ሲያወጡ። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሲስተር ዋርድ ዓይን ነው። ስንቱ ሰው ያንን ሕፃን አጥቦ፣ አልብሶ ባለፈው ነበር!

አሁን ወደ ልጅሽ እንመለስ። ያረጀ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ትልቅ ሰው ላይ ጉበት ይህንን ተቀብሎ ውኃ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርገውና በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ያስወግደዋል። አዲስ የተወለደ ልጅ ላይ ግን ሁለት ነገር ይገጣጠማል። ቀይ የደም ሕዋሱ ብዙ ነው፤ ቶሎ ቶሎም ይፈርሳል። ጉበቱ ደግሞ ለሥራው ገና አልደረሰም። ስለዚህ ቀናቸው ሞልቶ ከተወለዱ 10 ሕፃናት 6ቱ ገደማ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 8ቱ ገደማ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ምንም ሳይደረግላቸው ይለቃቸዋል። «የስንቱ ልጅ በራሱ ለቆት የለ?» የሚሉ አያቶች ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ችግሩ ቢሊሩቢኑ ከልክ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ወደ አንጎል ይገባል። ጉዳቱ ከርኒክቴረስ ይባላል። ልጁ መስማት ሊሳነው ይችላል። እጅና እግሩ እንደ ልቡ አይታዘዘውም። አንዴ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። በሥራዬ ላይ ጀርባው ወደ ኋላ እንደ ቀስት ተለምጦ፣ በቀጭን ድምፅ እየጮኸ የመጣ የሰባት ቀን ልጅ ተቀብያለሁ። ቤተሰቦቹ ጨዋ፣ ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። አራት ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ፀሐይ ሲያሞቁት ነበር። ያችን እናት አልረሳትም። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም በእሷ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን ሰማያዊ? አንድ ነገር ቢጫ ሆኖ የሚታየን ከነጭ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ውጦ የቀረውን ስለሚመልስልን ነው። ቢሊሩቢንም እንደዚያው ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚውጠው 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው)። ሕክምናው ላይ ቆዳን ዘልቆ መግባቱም ስለሚታሰብ፣ ከ460 እስከ 490 ያለው ይመረጣል። ቀይ መብራት ብታበሪለት ቢሊሩቢኑ ንክች አይልም። ሰማያዊው ሲመጣ ግን ይውጠዋል፤ የዋጠው ጉልበት ደግሞ ቅርጹን ይለውጠዋል።

የተጨበጠ ቡጢ አስቢ። ቢሊሩቢን ውኃ የሚወደውን ጎኑን ወደ ውስጥ ጨብጦ የያዘ ነገር ነው። ለዚህ ነው ውኃ ውስጥ የማይሟሟውና ጉበት ካልረዳው በቀር ከሰውነት የማይወጣው። ብርሃኑ ያንን ቡጢ ይፈታዋል። የተፈታው ቢሊሩቢን የጉበትን እርዳታ ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ከፊሉ አንጀት ሲደርስ ተመልሶ ሊጨበጥ ይችላል። ሉሚሩቢን የሚባለው ዓይነት ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከቆዳው ሥር ባለው ደም ውስጥ ነው። ልጅሽ ራቁቱን፣ በዳይፐር ብቻ የተኛውም ለዚህ ነው። የተሸፈነ ቆዳ አይታከምም። ብርዱ አሳዝኖሽ ነጠላ ጣል እንዳታደርጊበት፤ ከበረደው ለነርሷ ንገሪያት፣ ክፍሉን ወይም አልጋውን ታሞቅለታለች።

አሁን የምነግርሽ ግን ዋናው ነገር ነው። ብርሃን መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ መጠን አለው። የብርሃኑ ዓይነት፣ ጉልበቱ፣ ከልጁ ያለው ርቀት፣ የሚያርፍበት የቆዳ ስፋት፣ የሚቆይበት ሰዓት፤ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ነው መጠኑ የሚታወቀው። ሰማያዊነቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። አንድ ጊዜ በምሠራበት ቦታ የአንዲት ሕፃን ቢሊሩቢን ሁለት ቀን ሙሉ አልወርድ አለ። መብራቱ ክፍሉን በሙሉ ሰማያዊ አድርጎታል። ደም መቀየር ሊያስፈልግ ነው እያልን ስንጨነቅ፣ አንዲት ነርስ የብርሃን መለኪያ አምጥታ ልጅቷ የተኛችበት ላይ ያዘችው። 7 አለ። ጠንከር ላለ ሕክምና የሚፈለገው 30 እና ከዚያ በላይ ነው፤ መለኪያው ማይክሮዋት በካሬ ሴንቲሜትር፣ በናኖሜትር ነው። ለዓይናችን ቦግ ያለ ሰማያዊ፣ ለሕፃኗ ግን የተዳከመ መድኃኒት። አምፖሎቹ አርጅተዋል፤ መብራቱም ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። አምፖሎቹን ቀየርን፤ አምራቹ በሚፈቅደው ልክ ዝቅ አደረግነው፤ አየር በማይዘጋ መንገድ ዙሪያውን ነጭ አንሶላ ጋረድን፤ ነጭ ጨርቅ የሚባክነውን ብርሃን ወደ ልጁ ይመልሳልና። መለኪያው 30ን አለፈ። በማግስቱ ቢሊሩቢኗ ወረደ። አሁን በብዛት የምንጠቀምበት የኤልኢዲ መብራት ሙቀቱ ያነሰ፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ እሱም ቢሆን ግን መለካት አለበት። አንቺም «መብራቱ የሚለካው መቼ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ማንም ሊቆጣሽ አይገባም። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ይህንን ይዘሽ ወደ እናትሽ ፀሐይ ተመለሺ። ፀሐይ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን አለ፤ ያውም ብዙ። ነገር ግን ለሕፃን ለስላሳ ናት ብለን የምንመርጣት የማለዳ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትወጣ ብርሃኗ ወደ ቀይ ያደላል። ሰማያዊው መንገድ ላይ በአየር ተበትኖ ያልቃል። ረፈድ ሲል ሰማያዊው ይጨምራል፤ አብሮት ግን ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ይመጣል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ላይ ደግሞ ይህ ጨረር በጣም ኃይለኛ ነው። በዚያ ላይ እኛ ልጅ ፀሐይ የምናሞቀው ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ወይም እግሩ ብቻ ወጥቶ፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ልጅሽ መላ ሰውነቱ ተጋልጦ፣ ቀንም ሌትም ለረጅም ሰዓት ነው የሚያገኘው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ፀሐይን በትክክል ለሕክምና ያዋሉ ሰዎች አሉ። ናይጄሪያ ውስጥ መብራት እየጠፋ ሲያስቸግር፣ ጎጂውን ጨረርና ሙቀቱን የሚያስቀር ፕላስቲክ የለበሰ ዳስ ሠርተው ሕፃናቱን ከሥሩ አስተኙ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣው ጥናታቸው ከተለመደው የመብራት ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። ነገር ግን ልብ በይ፤ እዚያ ሕፃናቱ ለሰዓታት ይቆዩ ነበር፤ ሙቀታቸው ይለካል፤ ደማቸው ይመረመራል፤ አጠገባቸው ባለሙያ አለ። ለእኛም ሀገር፣ መብራት በሚቆራረጥባቸው ሆስፒታሎች፣ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው መንገድ ይመስለኛል። ቤት በረንዳ ላይ የሚሞከር ግን አይደለም።

ዓይኑን በተመለከተ ስጋትሽ ትክክል ነው። ያን ያህል ጠንካራ ብርሃን በቀጥታ የሕፃን ዓይን ውስጥ እንዲገባ አንፈልግም። ለዚህ ነው የሚሸፈነው። አንቺ የምትረጂው እዚህ ላይ ነው። መሸፈኛው ወደ ታች ወርዶ አፍንጫውን እንዳይዘጋው፣ ወደ ላይ ተንሸራቶም ዓይኑን እንዳይገልጠው ተመልከቺለት። ጡት ስታጠቢው መሸፈኛውን አውጪለትና ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዓይኑ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካየሽ ተናገሪ።

ካንሰርንም ልንገርሽ። ሰማያዊ መብራቱ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም፤ ለዚህ ሥራ የተሠራው መብራት አልትራቫዮሌትም አይፈልግም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት መዝገብ ታይቶ ነበር። መጀመሪያ ሲቆጠር መብራት በገቡት ላይ አንዳንድ ካንሰር ጥቂት በዝቶ ታየ። የልጆቹ ሌሎች ችግሮች ከግምት ሲገቡ ግን ያ ልዩነት አስተማማኝ ሆኖ አልቀጠለም። እኛ ከዚህ የወሰድነው ትምህርት ቀላል ነው፤ ለሚያስፈልገው ልጅ በሙሉ ልብ እንሰጣለን፣ ለማያስፈልገው «ለማንኛውም ይግባ» አንልም።

አንዳንድ የምታያቸው ነገሮች እንዳያስደነግጡሽ። ሰገራው አረንጓዴና ቀጠን ያለ ይሆናል፤ ያ ቢሊሩቢኑ እየወጣ ነው። ሽንቱ ሊጠቁር ይችላል። ትናንሽ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፤ ይጠፋል። ነርሷ መጥታ መብራቱን አጥፍታ ካየችው ሥራዋን እየሠራች ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሥር የልጅ ከንፈር ይጥቆር አይጥቆር አይለይምና፣ ትክክለኛ መልኩን ለማየት መጥፋት አለበት። ቆዳው ነጣ ብሎ ስታዪም ዳነ ብለሽ እንዳትወስኚ። ቆዳው ከደሙ ቀድሞ ይነጣል። የሚታመነው የደም ምርመራው ነው።

እና ጡት አጥቢው። ይህን የምልሽ ለደንቡ አይደለም። ቡጢው የተፈታው ቢሊሩቢን መውጫ ያስፈልገዋል፤ መውጫው ሰገራና ሽንት ነው። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ጡት ያግኝ፣ ሌሊትም ጭምር። እንቅልፋም ከሆነ እግሩን እያሻሸሽ ቀስቅሺው። እንገሩን ያልደፋሽ እንደሆነ መልካም አድርገሻል። እንገር ያንን እንደ ቅጥራን የጠቆረ የመጀመሪያ ሰገራ ቶሎ ያስወጣል፤ እሱ ውስጥ ደግሞ ብዙ ቢሊሩቢን አለ። ስኳር በውኃ፣ ቅቤ፣ ሌላም ነገር ግን አትስጪው። ቢሊሩቢኑን አያወርዱትም፤ የጡቱን ቦታ ብቻ ይይዙበታል።

ቤት ውስጥ ስለሚበራው አምፖል መልሱ ከላይ ካልኩት ይወጣል። የመኝታ ቤት ሰማያዊ አምፖል ቀለም የተቀባ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል። ስንት ናኖሜትር እንደሆነ፣ ልጁ ጋ ሲደርስ ስንት እንደሚቀር አይታወቅም። አጠገቡ ካደረግሽው ያቃጥለዋል፤ ከራቀ አይሠራም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «እየታከመ ነው» የሚል የውሸት እረፍት ይሰጥሻል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶች «ለእኛ ልጅ ሐኪሙ የሚያበራ ብርድ ልብስ ወደ ቤት ሰጥቶናል» ሊሉሽ ይችላሉ። እውነት ነው፣ አለ። ግን የሚሰጠው ቢሊሩቢኑ ያን ያህል ከፍ ላላለ፣ ደህና ለሚጠባ ልጅ ነው፤ ያውም ደሙ በየቀኑ እየታየ።

ሐኪምሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ለምን ከፍ አለበት?» መብራቱ ቢሊሩቢኑን ያወርዳል እንጂ ምክንያቱን አያክምም። የአንቺ ደም ኦ ሆኖ የእሱ ኤ ወይም ቢ ከሆነ፣ ወይም አንቺ አርኤች ኔጌቲቭ ሆነሽ እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ደሙ ከተለመደው በላይ እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ለሚቀጥለው እርግዝናሽም የሚሰጥሽ መርፌ አለ፤ ሰዓቱ ሳያልፍ ጠይቂ። ሌላው ጂ6ፒዲ የሚባል የኢንዛይም እጥረት ነው። የሕፃኑ ልብስ ናፍታሊን ካለበት ቁምሳጥን የወጣ ከሆነ ተናገሪ፤ እጥረቱ ያለበት ልጅ በናፍታሊን ሽታ ብቻ ደሙ ሊፈርስ ይችላል።

ስለ ሰማያዊ ብርሃን ሌሎች የሕክምና ጥቅሞች የሚነገረውን ሰምተሽ ከሆነ፣ እውነት ያለው አለ። ክሪግለር ናጃር የሚባል በጣም ብርቅ የሆነ የጉበት ችግር ያለባቸው ልጆች ዓመታትን በየሌሊቱ ሰማያዊ መብራት ሥር ይተኛሉ። የቆዳ ሐኪሞች 415 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ብርሃን ለብጉር ይጠቀማሉ፤ የብጉር ባክቴሪያዎች ውስጥ ያለ ነገር ብርሃኑን ውጦ እነሱኑ ይገድላቸዋል። በክረምት ጨለማ መንፈሳቸው ለሚወድቅ ሰዎች፣ ስዊድንና ኖርዌይ ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ጠዋት ጠዋት የሚበራ 10,000 ሉክስ ነጭ መብራት አለ። እነዚህ ሁሉ ሌላ በሽታ፣ ሌላ መጠን ናቸው። ከልጅሽ መብራት ጋር አታቀላቅያቸው።

ወደ ቤት ከገባችሁ በኋላ ጡት እምቢ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ድምፁ ቀጥኖ ከጮኸ፣ ጀርባው ከተለመጠ፣ ካተኮሰው ወይም ቢጫው እንደገና ወደ እግሩ ከወረደ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ውጪ። ሁለት ሳምንት አልፎት አሁንም ቢጫ ከሆነና ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሐሞት መተላለፊያ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው የተሻለ የሚሠራው ሁለት ወር ሳይሞላው ነው። ያኔ ፀሐይም መብራትም አይጠበቅም።

የመብራት ሕክምናው ሲያበቃ ቢሊሩቢኑ ትንሽ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ መቼ ደሙ እንደገና እንደሚታይ ቀኑን አጽፊ። እስከዚያ ድረስ ግን እናትሽን አንድ ነገር አሳዪያቸው። ዛሬ ዳይፐሩን ስትቀይሪ እጃቸውን ይዘሽ አጠገብሽ አቁሚያቸው። መብራቱ ለአፍታ ሲጠፋ ወገቡ ላይ ያለውን መስመር ተመልከቱ። ከላይ ነጣ ያለ፣ ከዳይፐሩ ሥር ቢጫ። ሲስተር ዋርድ ያዩት እሱን ነው።